መከራ ያርሳል እንጂ አይዘራም



በአገራችን አንድ ሰው ኀዘን ወይም ሕመም ወይም ማጣት በደረሰበት ጊዜ ዘመድና ጎረቤት ሊያጽናናው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህም ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ተቀምጠን ጥቂት ከቆየን በኋላ ግን ዝምታው ይከብደንና ከመካከላችን አንዱ፣ እግዚአብሔር የሚወደውን ሰው እንደሚፈትን፣ መከራም ሰውን እንደሚያስተምር፣ ወርቅም በእሳት እንደሚነጥር መናገር ይጀምራል። የተቀመጠውም ሁሉ «እውነት ነው» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ባለ ኀዘኑም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እኛም ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ብዙ ጊዜም ተናግረናል። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምረው ያሰብነው፣ ይህ ቃል ለማን ሲነገር እንደሚጠቅምና ለማን ሲነገር እንደሚጎዳ ነው።

ቃሉ ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣንም። ቅዱሳት መጻሕፍትም፣ ገድላትም፣ የአባቶቻችንም ኑሮ ይመሰክሩለታል። ዳሩ ግን የሰውን ኑሮ ስንመለከት፣ መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ በመንፈስ ሲያድግ አናይም። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድማማች በልጅነታቸው አባታቸው ይሞትባቸዋል፤ በአንድ ቤት ይራባሉ፤ አንድ ጋቢ ተካፍለው ያድራሉ። ካደጉ በኋላ አንደኛው ድኻ አደግ ልጅ ባየ ጊዜ ዓይኑ እንባ የሚያቀር፣ እጁም ለመስጠት የሚፈጥን ሰው ይሆናል። ሁለተኛው ግን «እኔን ማን ረዳኝ?» እያለ በሩን የሚዘጋ፣ ለሠራተኛው ደመወዝ የሚሳሳ፣ በልጆቹም ሣቅ የሚናደድ ሰው ሆኖ ይቀራል። መከራው አንድ ሲሆን ፍሬው ሁለት ሆነ። ሰውን የሚያሳድገው መከራው ብቻውን ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱም በአንድነት ባደጉ ነበር።

ይህን ነገር ገበሬው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ለጤፍ የሚሆነውን ማሳ ሦስትና አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያርሰዋል። ማረሻው የደረቀውን መሬት ሰንጥቆ ይገለብጠዋል፤ ሥር የሰደደውን ሣር ይነቅላል፤ ዝናቡም ወደ ውስጥ የሚዘልቅበትን መንገድ ይከፍታል። ይሁን እንጂ ታርሶ ሳይዘራበት የቀረ ማሳ እህል አይሰጥም። የሚያበቅለው አረም ነው። መከራም እንዲሁ ነው። የደነደነውን ልባችንን ይሰነጥቀዋል፤ የታመንንበትን ገንዘብና ጤና ይገለብጠዋል። ነገር ግን መከራ ያርሳል እንጂ አይዘራም። ልባችን ከታረሰ በኋላ የሚዘራበት ምንድን ነው? የሚዘራውስ ማን ነው? የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት በ5ኛው ምዕራፍ፣ መከራ ወደ ትዕግሥት፣ ትዕግሥትም ተፈትኖ ወደ መጽናት፣ እርሱም ወደ ተስፋ እንደሚያደርስ ያስተምራል። ይህን ክፍል ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ሆኖም ሐዋርያው ይህን መሰላል በምን ላይ እንዳቆመው ልብ የሚል ጥቂት ነው። በምዕራፉ መጀመሪያ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ በኩል ከእግዚአብሔር ጋር ስላለን ሰላም ይናገራል። ስለ ተስፋም ከተናገረ በኋላ በመንፈስ ቅዱስ በልባችን ስለ ፈሰሰው የእግዚአብሔር ፍቅር ያነሣል። እንግዲህ መከራ የተቀመጠው በሰላምና በፍቅር መካከል ነው። በፊቱ ሰላም፣ በኋላውም ፍቅር ባይኖር መሰላሉ የሚቆምበትና የሚደገፍበት ባጣ ነበር።

ከአገራችን ቅዱሳን ታሪክ ደግሞ ይህን ነገር የሚያስረዳልን የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረውን ይህን ሊቅ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች። ሁላችንም እንደምናውቀው፣ ያሬድ ልጅ ሳለ ትምህርት አልገባ አለው። መምህሩና ዘመዱ አባ ጌዴዎን ገረፉት፤ እርሱም ሸሽቶ ሄደ። በመንገድም ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ግንዱን ይዞ ሲወጣ፣ ከመካከል ሲደርስ ሲወድቅ፣ ዳግመኛም ሲጀምር አየ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከላይ ደረሰና ምግቡን በላ። ያሬድም በትሉ ትጋት ራሱን ወቅሶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ በእንባም ጸለየ፤ ልቡናው ተከፈተለት። ከዚያ በኋላ ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ዝማሬውን፣ መዋሥዕቱንና ምዕራፉን ደርሶልን፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ድረስ ታመሰግናለች።

እኛም ይህን ታሪክ በቆሎ ተማሪነታችን ሰምተነው፣ በኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስተማሪ በሆንን ጊዜ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን ነግረናቸዋል። ሰነፉን ለማትጋት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አይገኝም ብለን እናምን ነበር። አንድ ቀን ግን ያለ ቦታው ተናገርነው። ከዚያም ቀን ጀምሮ ታሪኩን የምናነበው በሌላ ዓይን ነው።

ነገሩ ከሆነ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። በምናስተምርበት በ6ኛ ክፍል አንድ ልጅ በየቀኑ እየዘገየ ይመጣ ነበር። ከደረሰም በኋላ በትምህርት መካከል ያንጎላጃል፤ የቤት ሥራውንም ሠርቶ አያመጣም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጎ ሳለ፣ እኛ ግን እኛን ያሳደገን ልማድ በልጦብን የልጁን መዳፍ በማስመሪያ መታነው። አልታረም ሲለንም ሦስት ቀን ከክፍሉ ደጅ አቆምነው። በአራተኛው ቀን ለብቻው ጠርተን፣ በቁጣ ሳይሆን በምክር ልንመልሰው አስበን፣ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ነገርነው። «አየህ ልጄ፣ ያሬድም ተገርፏል፤ ያሬድም ተቸግሯል። መከራ ሰውን ያስተምራል፤ አንተም ቻለው» አልነው።

ልጁ ዝም ብሎ ከሰማን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያሬድ ሲመለስ የሚቀበለው ሰው ነበረው?» ብሎ ጠየቀን።

«አባ ጌዴዎን ነበሩለት» አልነው።

«እኔ ግን ማንም የለኝም፤ እናቴ ከአልጋ አትነሣም» አለን።

ከዚያ በኋላ በጠየቅነው ጊዜ ሁሉንም ነገረን። አባቱ ሞቷል። እናቱ ታማ ከተኛች ወራት አልፈዋል። ልጁ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ከቦኖው ውኃ በጀሪካን ይቀዳል፤ እሳት ያነዳል፤ ለእናቱ አጥሚት ያዘጋጃል፤ ያጥባታል፤ ጎኗን ያገላብጣታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው። እኛ ስንፍና ብለን የቀጣነው፣ አባትና እናትን ስለ ማክበር የታዘዘውን ትእዛዝ በ12 ዓመቱ ሲፈጽም የነበረውን ልጅ ነው። በዚያም ላይ መከራ እንደሚያስተምር እየነገርነው ሳለ፣ ከመከራው እኩሌታ የሚሆነውን የጨመርንበት እኛው ነበርን።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ተነሥተን የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከስንክሳሩ አነበብነው። ለተማሪዎቻችን ስንነግር የዘለልነው ብዙ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ አስተዋልን። ያሬድን ሸሽቶ እንዲሄድ ያደረገው ግርፋቱ ነበር፤ ግርፋቱ ፊደል አላስቆጠረውም። ወደ ትምህርቱ የመለሰው ከዛፉ ሥር ያየው ነገር ነው። በተመለሰም ጊዜ ይቅርታ የሚሰጥ፣ ዳግመኛም የሚያስተምር መምህር አገኘ። አባ ጌዴዎን በሩን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ፣ የትሉ ትጋት ብቻውን ድጓን ባልሰጠን ነበር።

ከዚህም አልፎ በዚያው ታሪክ ውስጥ የንጉሥ ገብረ መስቀልን ነገር አገኘን። ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ጣዕም ተመስጦ የተመረኮዘበትን ዘንግ ሳያውቅ በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ያሬድም በምስጋናው ተመስጦ ስለ ነበር ሕመሙ አልተሰማውም። ንጉሡ ደሙን ባየ ጊዜ ግን ደነገጠ፤ አዘነ፤ ስለ ፈሰሰውም ደም የወደደውን ዋጋ እንዲጠይቀው ነገረው። ያሬድም ወደ ምናኔ እንዲያሰናብተው ለመነ፤ ንጉሡ መለየቱ ቢከብደውም ቃሉን ጠብቆ አሰናበተው፤ እርሱም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ልብ እንበል፤ ንጉሡ «ይህ ቁስል ቅድስናህን ይጨምርልሃል» ብሎ አላለፈም። ያቆሰለ ሰው የሚገባው ማዘንና መካስ እንጂ ስለ ቁስል ጥቅም መስበክ እንዳልሆነ አስተውሎ ነበር። እኛ ግን ዘንጉን በልጁ እግር ላይ እንደ ተከልን ስብከት ጀምረን ነበር።

በማግስቱ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ለአስተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም የቀጣነው በፊታቸው ስለ ነበር ይቅርታውም በፊታቸው መሆን ነበረበት። ከዚያም የአጥቢያችንን የጽዋ ማኅበርተኞች አማከርናቸው። እናቶች ቀኑን ተከፋፍለው በየጧቱ አንዳንዳቸው ወደ ልጁ ቤት መሄድ ጀመሩ። አንዷ ውኃ ትቀዳለች፤ ሌላዋ ታጥባለች፤ ሌላዋም በሽተኛይቱን ደግፋ ወደ ሐኪም ትወስዳለች። ካህኑም እየሄዱ ጸሎት አደረሱላት፤ ሥጋ ወደሙንም አቀበሏት። ልጁም በሰዓቱ ትምህርት ቤት መድረስ ጀመረ። እናቱ ከሕመሟ ባትድንም ብቻዋን አልሞተችም፤ ልጁም ብቻውን አልቀበራትም።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ፣ «እናንተ ራሳችሁ በቆሎ ተማሪነት ያን ሁሉ ረኃብና ብርድ ስትቀበሉ አላደጋችሁበትምን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እውነት ነው፤ አድገንበታል። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ በየመንደሩ እየዞርን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ቁራሽ ለምነናል፤ ውሻም አባርሮናል፤ ያደረ ቆሎ ቆርጥመን ቀለም ቆጥረናል። ዳሩ ግን ያንን መከራ ብቻችንን እንዳልተሸከምነው መርሳት የለብንም። በየደጁ ድምፃችንን ሰምታ ውሻዋን የምትገሥጽልን እናት ነበረች። ለልጆቿ ከጋገረችው ቆርሳ በአኩፋዳችን የምትጨምርልን እርሷ ናት። ከመካከላችን አንዱ ቢታመም ጓደኞቹ የእርሱን ድርሻ ለምነው ያመጡለት ነበር። የኔታም የማንኛችን ፊት እንደ ገረጣ ሳይነገራቸው ያውቁ ነበር።

ያች እናት «ረኃብ ያስተምረዋል» ብላ በሯን ብትዘጋ ኖሮ፣ ከተማሪዎቹ የሚበዙት ከዜማ ቤትና ከቅኔ ቤት ደጅ ሳይደርሱ በቀሩ ነበር። የአገራችን ሊቃውንት እስከ ዛሬ የተተካኩት በተማሪው ጽናት ብቻ ሳይሆን፣ ስሟ በመጽሐፍ ባልተጻፈች የገጠር እናት ቁራሽ ጭምር ነው። መከራው አረሰን፤ የዘራችብን ግን እርሷ ናት። ስለዚህ ይህ ትምህርት ከሁሉ በፊት የሚመለከተው ቤተሰብን ነው። በጎረቤት የደረሰው መከራ ፍሬው እህል ይሆን ወይም አረም፣ ከፊሉ የእኛ ቤት በር በመከፈቱና በመዘጋቱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

የጻድቁ ኢዮብም ወዳጆች የሠሩትን እንመልከት። የደረሰበትን በሰሙ ጊዜ ከየአገራቸው መጡ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም በምድር ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ የበረታ መሆኑን አይተው አንዳችም ቃል አልተናገሩትም። እስከዚህ ድረስ እውነተኛ ወዳጆች ነበሩ። መከራው ከየት እንደ መጣና ለምን እንደ መጣ ሊያስረዱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በቁስሉ ላይ ቁስል ጨመሩበት። በመጽሐፉም መጨረሻ እግዚአብሔር በንግግራቸው ተቈጣ እንጂ አላመሰገናቸውም። ኢዮብም ስለ እነዚህ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ምርኮው ተመለሰለት። የኢዮብ ማደግ የታየው በጠፋው ከብት እጥፍ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ላቆሰሉት ሰዎች መጸለይ በመቻሉ ነው።

ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜም ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጌታችንን ጠየቁ፤ የእርሱ ነውን ወይስ የወላጆቹ? ጌታችን የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ፣ የእግዚአብሔር ሥራ በእርሱ ሊገለጥ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያስ ምን አደረገ? ሰውዬው በዕውርነቱ እንዲያድግ ትቶት አልሄደም። በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኑን ቀባው፤ ወደ ሰሊሆም መጠመቂያም ላከው፤ አይቶም ተመለሰ። እንግዲህ የሌላ ሰው መከራ ሲገጥመን ለክርስቲያን የተሰጠው ሥራ መፍታት ሳይሆን መርዳት ነው። መከራ እንደሚያስተምር የሚናገር አፍ መናገር ያለበት ስለ ራሱ መከራ ነው፤ ስለ ጎረቤቱ መከራ ግን እጁ ይናገር።

አሁን ደግሞ በመከራ ውስጥ ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች ጥቂት ቃል አለን። በመጀመሪያ፣ መከራው እንዲርቅላችሁ መለመን የእምነት ጉድለት አይምሰላችሁ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው ከእርሱ እንዲያልፍ ወደ አባቱ ጸልዮአል፤ ፈቃዱንም ለአባቱ ፈቃድ ሰጥቶአል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖአል፤ መልሱም መውጊያው ሳይወገድ ጸጋ እንዲበቃው ሆነ። ጸጋው እንደሚበቃ የተረዳው ግን ከለመነ በኋላ እንጂ ሳይለምን ዝም ብሎ አይደለም። ጠበል የሚሄድ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄዱን አይፈር፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበርና።

ሁለተኛም፣ መከራ ሲበረታ ጸሎት ሊያጥርባችሁ ይችላል። ዳዊት ይደግም የነበረ ሰው አንድ መዝሙር መጨረስ የሚያቅተው ጊዜ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሁሉንም አትተዉት። አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ከቻላችሁ እርሱን በሉ፤ እርሱም ቢከብዳችሁ በመስቀል ምልክት አማትባችሁ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀመጡ። ካህኑና ሕዝቡ በቅዳሴው ስለ ታመሙትና ስለ ተጨነቁት ይጸልያሉ፤ የእናንተ ድምፅ ቢጠፋም የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ስለ እናንተ አይጠፋም። ለንስሐ አባታችሁም ያለ ማሳመር፣ ምሬታችሁን ጭምር ንገሩአቸው። የተደበቀ ምሬት ከአረም ሁሉ የባሰ ሥር አለው።

ሦስተኛም፣ ከሰው አትራቁ። ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ልኮ፣ የደረሰባትን በደል ከጎረቤት ይሰውራል፤ ሌላውም ሥራ ማጣቱን ከወንድሙ ይደብቃል። የሚያፍርበት ነገር ሳይኖር ያፍራል። ነገር ግን በሩን ያልከፈተ ሰው ዘሪው ሊገባለት አይችልም። ወንድሞቹ የሸጡት ዮሴፍም በግብፅ ሁለተኛውን ልጁን ኤፍሬም ብሎ ሲጠራው፣ መከራ ባየበት አገር እግዚአብሔር እንዳፈራው መመስከሩ ነበር። ፍሬው ምን እንደነበር ደግሞ በኋላ ታየ፤ በረኃቡ ዘመን የሸጡትን ወንድሞቹን መገባቸው። መከራ እንዳሳደገን የምናውቅበት ምልክቱ ይኸው ነው። ከመከራችን በኋላ ለሌላው የምንራራ ከሆንን አድገናል፤ ሌላውም እንደ እኛ እንዲቀምሰው የምንመኝ ከሆንን ግን ገና አልተዘራብንም።

እዚህ ላይ «ጾሙስ? ተጋድሎውስ? ሰማዕታቱስ?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ወድደን የምንቀበለው ድካም ነው፤ ሥርዓት አለው፤ መጨረሻውም ፋሲካ ነው። ሳንወድ ለሚመጣብን መከራ ልባችንን የሚያለማምድ ትምህርት ቤት ነው። ሰማዕታትም የተቀበሉት በራሳቸው ነፍስ እንጂ በሌላው ነፍስ አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ የሆኑት አቡነ ጴጥሮስ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት ተደብድበው ሲሞቱ፣ ሕዝባቸው መከራን እንዲሸከም ከሩቅ ሆነው አልሰበኩም፤ በፊቱ ሆነው ራሳቸው ተሸከሙት እንጂ። ስለ መከራ ጥቅም ለመናገር ሥልጣን ያለው እንዲህ ያለው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን የተናገረው በሥራው ነው።

ያ ተማሪያችን ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖአል፤ ልጆችም ወልዶአል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተገናኝተን ስንጫወት፣ በየቅዳሜው አንድ ዘመድ የሌላቸውን በሽተኛ ሽማግሌ እየሄደ እንደሚያጥባቸው ሰማን። እኛም የድሮው ልማዳችን ተነሥቶብን፣ «ያ መከራ ለካ ለዚህ አዘጋጅቶህ ነው» ልንለው አፋችንን ከፈትን፤ ነገር ግን ያችን ሌሊት አስታውሰን ዘጋነው። ምን እንዳነሣሣው ብቻ ጠየቅነው። እርሱም፣ «እናቴ ባትታመም እወድ ነበር። ግን ጧት ጧት በራችን ሲንኳኳ የነበረው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም» አለን።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ ጌታችን ወደ ቀራንዮ ሲወጣ መስቀሉን ተሸክሞ ነበር። እርሱ ሁሉን የሚችል አምላክ ሲሆን፣ በመንገድ ላይ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን እንዲሸከም ተደረገ። ወታደሮቹ ያስገደዱት ይህ ሰው ከገጠር ሲመጣ በዚያ ያልፍ የነበረ መንገደኛ ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ በወንጌል ይነበባል። ጌታ መስቀሉን ሲያግዙት ካልከለከለ፣ ከእኛ መካከል መከራውን ለብቻው እንዲሸከም የሚገደድ ማን ነው? በዚህ ወር በምታውቁት ሰፈር አንድ ቤት አስቡ፤ ከቀናት ሁሉ በአንዱ ጧት ሂዱና በሩን አንኳኩ። ምን እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ አትጨነቁ፤ ውኃ ካልተቀዳ ቅዱ።

እግዚአብሔር በየቤታችሁ ሰላሙን ያሳድር፤ አሜን።